ልጄን ልጠቁም ወይስ ልደብቅ?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በኅብረቶቻችን መካከል በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ የማይነገር ነው። በጸሎት ርዕስ ጊዜ አንዲት እናት ትነሣና «ለልጄ ጸልዩልኝ» ብላ ትቀመጣለች። ምን እንደሆነ አትናገርም፣ እኛም አንጠይቃትም። «ጌታ ያውቃል» ብለን እንጸልያለን። ጌታ በእርግጥ ያውቃል። እሷ ግን ወደ ቤቷ የምትመለሰው ያንኑ ጥያቄ ተሸክማ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ማሪዋና እንደሚሸጥ ጠርጥራለች፤ ለፖሊስ ትናገር ወይስ ዝም ትበል?

ጥያቄው በሆሳዕናም፣ በዱራሜም፣ በሾኔም፣ በሺንሺቾም ላለ ክርስቲያን ወላጅ ባዕድ አይደለም። አንዳንዱ ካናቢስ ይለዋል፣ አንዳንዱ ጋንጃ፣ አንዳንዱ ሀሺሽ፣ በሕግ ቋንቋ ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ስሙ ቢለያይም የወላጅ ጭንቀት አንድ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። በጥርጣሬ ብቻ ልጅን ለፖሊስ መጠቆም አይገባም። ነገሩ እውነት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ግን መደበቅም አይገባም። ልጁ ካልተወ፣ ወይም የሌላ ሰው ልጆች እየተጎዱ ከሆነ፣ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ሕግ መሄድ አለበት። ይዞ ስል አሳልፎ ሰጥቶ መመለስ ማለቴ አይደለም፤ አብሮት ቆሞ ማለቴ ነው። እንዴት ወደዚህ አሳብ እንደ ደረስኩ ላስረዳ።

«ጠቋሚ» የሚለው ቃል ለምን ይከብደናል?

በእኛ አገር ጥቆማ ጥሩ ትዝታ የለውም። በደርግ ዘመን በሀዲያና በከምባታ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። ምእመናን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። አገልጋዮችና ወጣቶች ታስረዋል። ያኔ «ጠቋሚ» ማለት ጎረቤቱን ለቀበሌ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ነበር። ያንን ዘመን ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬ አያቶች ናቸው። «የገዛ ልጅህን ጠቁም» ሲባሉ ሆዳቸው እምቢ ቢል አይፈረድባቸውም።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። በከተሞቻችን ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ብቻ አይደለም። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወንድም፣ የዚህ አጥቢያ አባል ተብሎ ነው። አንድ ልጅ ሲያዝ አባቱ በዕድሩ፣ እናቱ በእህቶች ኅብረት፣ እህቱ በመዘምራን መካከል አንገታቸውን ይደፋሉ። አባትየው ሽማግሌ ወይም ወንጌላዊ ከሆነማ ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ወሬ ይሆናል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ ስንት አባት፣ ስንት ታላቅ ወንድም ደቡብ አፍሪካ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ቤቱ የሚተዳደረው ከዚያ በሚላክ ገንዘብ ነው። እናት ብቻዋን ታሳድጋለች፣ ውሳኔው በስልክ ነው። ልጅ ሲያጠፋ እናት ለአባትየው ለመናገር ትፈራለች፤ «እዚያ ብቻውን ሆኖ ልቡ ይሰበራል» ትላለች፣ ወይም «ምን ስትሠሪ ነበር?» እንዳይላት ትሰጋለች። በዚህ መካከል ወራት ያልፋሉ።

እነዚህን ሦስቱን የማነሣው ሰበብ ለመስጠት አይደለም። ዝም ያለ ወላጅ ሁሉ ልጁን የማይወድ ወይም እግዚአብሔርን የማይፈራ እንዳይመስለን ነው። ብዙ ጊዜ ዝምታው ከፍቅርና ከፍርሃት የተቀላቀለ ነው።

ጥርጣሬና እውቀት አንድ አይደሉም

ልጅ አዲስ ስልክ ያዘ። ገንዘብ አያጣም። ማታ ይዘገያል። የማናውቃቸው ልጆች በር ላይ ጠርተውት ይወጣል። ወላጅ እነዚህን አይቶ ቢጠረጥር ተገቢ ነው፤ አይቶ የማይጠይቅ ወላጅ ነው የሚያሳዝነው። ሆኖም እነዚህ ምልክቶች ሌላ ምክንያትም ሊኖራቸው ይችላል። ገንዘቡ ከጆሃንስበርግ አጎቱ በድብቅ የላከለት ሊሆን ይችላል። የስፖርት ውርርድ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሌላ እሳት ነው። ከትምህርት ቤት ቀርቶ ባጃጅ እየነዳ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ላይ ጥንቁቅ ነው። በዘዳግም 19፥15 በአንድ ሰው ምስክርነት ብቻ ነገር አይጸናም። በምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ሞኝነቱ ይነገርበታል። ለማያውቁት ሰው እንዲህ የምንጠነቀቅ ከሆነ ለገዛ ልጃችን ስንት እጥፍ ልንጠነቀቅ ይገባናል! ያልተጣራ ጥርጣሬ ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ብንሄድ፣ ልጁም ንጹሕ ቢሆን፣ «አባቴ እኔን ሳይጠይቀኝ ከሰሰኝ» የሚል ቁስል ዕድሜውን ሙሉ ይዞ ይኖራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማወቅ ነው። አባትና እናት አስቀድመው ለብቻቸው ይነጋገሩ፣ ይጸልዩ፣ ከዚያ በአንድ ቃል ልጁን ይጥሩት። በታናናሾቹ ፊት አይሁን። በዱላ አይጀመር፤ በዱላ የወጣ ቃል እውነት ይሁን ውሸት አይታወቅም። «ይህን ገንዘብ ከየት አመጣኸው?» ተብሎ በቀጥታ ይጠየቅ፣ መልሱም ይጣራ። ባጃጅ እነዳለሁ ካለ የባጃጁን ባለቤት አግኙ። አጎቴ ላከልኝ ካለ አጎቱ ጋ ደውሉ። ወላጅ የልጁን ክፍል ማየት፣ ጓደኞቹ እነማን እንደሆኑ ማወቅ፣ መምህራኑን መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው። አባት በውጭ አገር ካለ በዚያው ቀን ይነገረው። ከአባት የተደበቀ ነገር ከልጁ ጋር የተደረገ ስምምነት ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወላጆች ሕጉን ሳያውቁ ወይ ከልክ በላይ ይፈራሉ፣ ወይ ነገሩን ያቃልላሉ። ስለዚህ ዋና ዋናውን እናውቅ።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ይህ ቀልድ አይደለም። «ከጫት በምን ይለያል?» የሚል ልጅ ካለ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ጫትን ባንወደውም በአገራችን ሕግ አይከለከልም፤ ካናቢስ ግን ወንጀል ነው።

«በውጭ አገር ተፈቅዷል» የሚልም አለ። ልጆቻችን በስልካቸው ያያሉ፣ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም ይነግሯቸዋል። እውነት ነው፣ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ አዋቂ በግል ስፍራው ለራሱ መጠቀሙ ወንጀል እንዳይሆን ወስኗል። መሸጥን ግን አልፈቀደም። ካናዳ በዚያው ዓመት ሽያጩንም ሕጋዊ አድርጋለች፤ ሆኖም ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ የሸጠ ወይም የሰጠ ሰው እስከ 14 ዓመት እሥራት ሊደርስበት ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የፈቀዱት አገሮች እንኳ በልጆች ላይ ሲሆን እጃቸውን አያላሉም።

ዕድሜ በእኛም ሕግ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ወንጀለኞችም ጋር አይታሰርም። ፍርድ ቤቱ ሊወስንበት የሚችለው ተግሣጽ፣ የቅርብ ክትትል፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ሕክምና፣ ወይም የጠባይ ማረሚያ ተቋም ነው። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት በኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 172 መሠረት እንዲህ ያለውን ልጅ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ከሚያቀርቡት መካከል ወላጅ አንዱ ነው። ጉዳዩ ሲቀጠርም ልጁ ለወላጁ ወይም ለአሳዳጊው ይሰጣል። እንግዲህ ሕጉ ወላጅን እንደ ጠቋሚ አላየውም፤ የልጁን እጅ ይዞ የሚመጣ ሰው አድርጎ አይቶታል።

ከ15 እስከ 18 ያለው ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። ይሁንና በአንቀጽ 56 መሠረት ፍርድ ቤቱ ዕድሜውንና የመታረም ተስፋውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ ወይም ለልጆች የተዘጋጀውን እርምጃ ሊወስድለት ይችላል። አንቀጽ 82 ደግሞ ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች መካከል እውነተኛ ጸጸትን፣ ጥፋትን ማመንንና ራስን ለሕግ ማቅረብን ይቆጥራል። ንስሓን ለምንሰብክ ሰዎች ይህ የሚያስደንቅ አይደለም? ሥጋዊ የምንለው ሕግ እንኳ ተይዞ በመጣና ራሱ በመጣ ሰው መካከል ይለያል።

ወላጅስ ካልተናገረ ይቀጣል? ወንጀልን አለመናገር በአንቀጽ 443 የሚያስቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እሥራት ለሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ነው። ማስመለጥ፣ ማስረጃ ማጥፋትና ምርመራን ማሳሳት ግን በአንቀጽ 445 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ልጁን ሌሊት ወደ አዲስ አበባ አክስቱ ጋ የላከ፣ ዕቃውን የደበቀ፣ ለፖሊስ የዋሸ ወላጅ በዝምታ መስመር ላይ አልቆመም፤ አልፎታል።

ሁለት አባቶች

መጽሐፍ ቅዱስ የልጆቻቸውን ጥፋት እያወቁ የቆሙ አባቶችን ታሪክ አይደብቅም።

የመጀመሪያው ካህኑ ዔሊ ነው። ልጆቹ የሚያደርጉትን ሰምቷል፣ ገሥጿቸውማል። በ1 ሳሙኤል 3፥13 እግዚአብሔር የጠየቀው ግን ስለ ንግግሩ አይደለም፤ እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው። ዔሊ አባት ብቻ አልነበረም፣ ሥልጣንም ነበረው። ልጆቹን ከመሠዊያው ማንሣት ይችል ነበር። ቃል ብቻ ሰጣቸው። ስንቶቻችን እንዲህ ነን? ማታ እንቆጣለን፣ ጠዋት የትራንስፖርት ገንዘብ እንሰጣለን።

ሁለተኛው ዳዊት ነው። አምኖን በትዕማር ላይ ያን ክፉ ነገር ሲያደርግ በ2 ሳሙኤል 13፥21 ዳዊት እጅግ ተቈጣ ይለናል። ከዚያስ? ከዚያ ምንም የለም። ፍርድ ከአባትየው ሲጠፋ አቤሴሎም በራሱ እጅ ፈረደ። ቤቱ ደም ሆነ። ዳዊት ልጆቹን ይወድ ነበር፣ ለአቤሴሎም ያለቀሰው ለቅሶ ይመሰክራል። ፍቅሩ ግን በጊዜው ሥራ አልሠራም፤ ሥራ የሠራው ዕንባው ብቻ ነው፣ እሱም ዘግይቶ።

እነዚህ ታሪኮች የሚያስተምሩን ቁጣና ግሣጼ በቂ አለመሆናቸውን ነው። ልጁ ካልተወ አንድ የሚያስቆም ነገር ማድረግ ግድ ይላል።

ልጁን ከደብዳቤ ጋር የላከው አባት

አሁን ሦስተኛ ሰው ልጨምር። ጳውሎስ ነው። ለፊልሞና የጻፋት መልእክት አጭር ናት። አናሲሞስ ከጌታው ዘንድ ርቆ ጳውሎስ ዘንድ ደረሰ፣ በዚያም አመነ። ጳውሎስ በቁጥር 10 ስለ እሱ ሲናገር በእስራቴ የወለድሁት ልጄ በሚል ስሜት ነው የሚጠራው። የባርነት ሥርዓቱ ራሱ ልክ ነው ማለቴ አይደለም፤ የማየው ጳውሎስ ለ«ልጁ» ያደረገውን ነው።

ጳውሎስ ሊደብቀው ይችል ነበር። ይጠቅመውም እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። አልደበቀውም፤ ወደ ተበላሸው ነገር መልሶ ላከው። ባዶ እጁን ግን አላከውም። ስለ እሱ የሚማልድ ደብዳቤ አስይዞ፣ ዕዳ ካለበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ላከው። ዕዳውንም አልካደም፣ ልጁንም አልጣለም።

ለእኔ የክርስቲያን ወላጅ መንገድ ይህ ነው። ጠቋሚ ልጁን ይሰጥና ዞር ይላል። ደባቂ ልጁን ይይዝና እውነትን ይጥላል። አባት ግን እውነትንም ልጁንም ይዞ ይሄዳል። መስቀሉስ ከዚህ ሌላ ምን ያስተምረናል? እግዚአብሔር ኃጢአታችንን እንዳላየ አላለፈውም፣ እኛንም አልተወንም።

የጎረቤት ልጅ

ስለ ልጃችን ስንጨነቅ የምንረሳው አንድ ሰው አለ። እሱም የገዛው ልጅ ነው።

ማሪዋና የሚሸጥ ልጅ ለማን ይሸጣል? ለእኩዮቹ፣ ከእሱም ለሚያንሱ። የሚገዛው ልጅ እናት አለችው። ምናልባት በአንድ አጥቢያ አብራን ታመልካለች። እሷም «ለልጄ ጸልዩልኝ» ብላ ተቀምጣ ይሆናል። በጉርምስና ዕድሜ አእምሮ ገና በመሠራት ላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ካናቢስ አዘውትሮ መጠቀም ትኩረትንና የማስታወስ ችሎታን እንደሚጎዳ፣ ተጋላጭ በሆኑት ላይም የከባድ አእምሮ ሕመምን ዕድል እንደሚጨምር የጤና ባለሙያዎች ያስተምራሉ። ጌታችን በሉቃስ 17፥2 ከታናናሾች አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረውን ስናስብ ልባችን ሊንቀጠቀጥ ይገባል። ያ ቃል ልጃችንን ይመለከታል። እያወቅን ዝም ካልን እኛንም ይመለከታል።

«ልጄን ማዳን አለብኝ» የሚል ወላጅ ትክክል ነው። ነገር ግን የእኔ ልጅ በሌላው ልጅ ጥፋት ላይ ቆሞ አይድንም።

«እሥር ቤት ልጄን ያበላሽብኛል»

ይህን ተቃውሞ አቅልዬ አላየውም። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በአንቀጽ 525 ተከስሶ ዓመታት ሊፈረድበት ይችላል። ትምህርቱ ይቋረጣል። በማረሚያ ቤት የሚያገኘው ጓደኛ ከፊተኛው የባሰ ሊሆን ይችላል። ማቅለያው በዳኛው እጅ እንጂ በእኛ እጅ አይደለም። «ወደ ሕግ ሂዱ፣ ሁሉ መልካም ይሆናል» ብዬ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም።

ዋጋው እውነተኛ ለመሆኑ አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። በአሜሪካ ቴድ ካዚንስኪ የተባለ ሰው ከ1978 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. በፖስታ ፈንጂ እየላከ 3 ሰዎችን ገድሎ 23 አቁስሏል። ማንነቱ የታወቀው ወንድሙ ዴቪድ ስለጠቆመ ነው። ዴቪድ በጥርጣሬ ብቻ አልሮጠም። በጋዜጣ የወጣውን ጽሑፍ ከወንድሙ አሮጌ ደብዳቤዎች ጋር አመሳከረ፣ ከሚስቱ ጋር ተማከረ፣ በጠበቃ በኩል ሄደ። ከዚያ በኋላም ወንድሙ በሞት እንዳይቀጣ ተሟገተ፤ የተፈረደበትም ዕድሜ ልክ እሥራት ሆነ። ወንድሙ ግን ይቅር አላለውም። ዴቪድ ለዓመታት ደብዳቤ ቢጽፍለትም መልስ አላገኘም፣ ቴድም በ2023 እ.ኤ.አ. በእሥር ላይ ሞተ። ማሪዋና የሚሸጥ ልጅ ከነፍሰ ገዳይ ጋር አይወዳደርም። የማነሣው ትክክለኛውን ነገር በጥንቃቄና በፍቅር ያደረገ ሰው እንኳ ዋጋ ሊከፍል እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ታዲያ ለምን እንሂድ? ምክንያቱም ሌላው መንገድም ዋጋ አለው፣ ዋጋውም እየቆየ ይከብዳል። በአሥራ አራት ዓመቱ ወረዳ ፍርድ ቤት በወላጁ የቀረበ ልጅና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በፖሊስ የተያዘ ወጣት አንድ አይደሉም። ደግሞ የሚሸጥ ልጅ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም፤ ከኋላው ዕቃውን በዱቤ የሚሰጠው አዋቂ አለ። ወላጅ በቁጣ ዕቃውን ምድጃ ውስጥ ቢጥለው ዕዳው በልጁ ላይ ይቀራል። ያ አዋቂ ገንዘቡን ሲጠይቅ ልጁ ወይ ይሰርቃል፣ ወይ የበለጠ ይሸጣል። ይህን ሰንሰለት እናት ብቻዋን በጾምና በጸሎት ትበጥሰው ማለት ጸሎትን ማክበር አይደለም፤ እናትን መተው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ እውነቱን እወቁ። ከላይ እንዳልኩት፣ አባትና እናት አብረው።

ሁለተኛ፣ ልጁ ካመነና መተው ከፈለገ በሩን ክፈቱለት። ከማን እንደሚቀበል፣ ዕዳ እንዳለበት፣ ራሱም ይጠቀም እንደ ሆነ ጠይቁ። የሚጠቀም ከሆነ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሆሳዕና ላይ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፣ በየከተማውም የጤና ባለሙያ አለ። ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

ሦስተኛ፣ አንድ ጠበቃ አማክሩ። ዕቃ ቤት ውስጥ ከተገኘ በገዛ አሳባችሁ ከመደበቃችሁም ከማጥፋታችሁም በፊት ይህን አድርጉ። ምስጢር ጠባቂ የሆነ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም አብሯችሁ ይሁን። በሀዲያም በከምባታም አባቶች «ሴራ» በሚባለው ሥርዓታቸው ጥፋተኛን በሸንጎ ያስተካክሉ ነበር፤ ጥፋትን ብቻ ሳይሆን ዝምድናንም ይጠግኑ ነበር። ያ ጥበብ ዛሬም ይጠቅማል። የሽማግሌ ምክር ግን ሕግን የሚተካ መሸሸጊያ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

አራተኛ፣ ልጁ ካልተወ፣ ወይም ለሌሎች ልጆች መሸጡን ከቀጠለ፣ ወይም አዋቂዎች እያስፈራሩት ከሆነ ወደ ሕግ ሂዱ። አስቀድማችሁ ንገሩት። «አባትህ ነኝ፣ እንዲህ አደርጋለሁ፣ አብሬህ እሄዳለሁ» በሉት። ከተቻለ እሱ ራሱ እንዲናገር አድርጉ። በስውር የስልክ ጥቆማ አድርጋችሁ ፖሊስ ሲመጣ እንደ ሌላው ሰው አትደንግጡ። እንዲህ ያለው ነገር አንድ ቀን ይወጣል፣ ሲወጣም ልጁ የሚያስታውሰው ውሸቱን ነው።

አምስተኛ፣ ጉቦ አትስጡ። «ትንሽ ነገር አድርጉና ይለቀቅ» የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ እምቢ በሉ። ልጁ በዚያ ቀን የሚማረው ሁሉ ነገር በገንዘብ እንደሚያልቅ ነው። ይህንኑ ትምህርት ነው ዕፅ የሚሸጠውም ሰው ያስተማረው።

ስድስተኛ፣ አትቅሩ። በቀጠሮው ቀን ችሎት ተገኙ። ከታሰረ ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠይቁት፣ ደብዳቤ ጻፉለት። ታናናሾቹ ስሙን በቤት ውስጥ መጥራት አያቁሙ።

ለቤተ ክርስቲያን አንድ ቃል

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ሆሳዕና ምድር ከመጡ ወዲህ ትውልድ በትውልድ ላይ አልፏል። ዛሬ ልጆቻችን በአማኝ ቤት ተወልደው በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር «የዓለም ልጆች» ችግር ነው ማለት አንችልም።

አንድ ወላጅ እውነቱን ይዞ ሲመጣ ከእኛ የሚያገኘው ምንድን ነው? ከአገልግሎት መታገድና የጓሮ ሐሜት ከሆነ ሌላው ወላጅ ይህን አይቶ ይደብቃል። እኛው ነን ደባቂ ያደረግነው። ዕድሩ የሞተ ሲኖር ድንኳን ይተክላል፣ ቆጮና ቡና ይዞ ይሰበሰባል። የታሰረ ልጅ ያላት እናትስ? ቤቷ ጭር ይላል። ጌታ ግን በማቴዎስ 25 ከሚጠይቀን መካከል የታሰረውን መጎብኘት አለ፤ በምን እንደ ታሰረ ግን አልለየም።

መጋቢዎች፣ ሽማግሌዎች፣ የወጣት መሪዎች፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ሳይዘገይ ወላጆችን ሰብስባችሁ ተነጋገሩ። ከአባሎቻችን መካከል የሕግ ባለሙያዎች፣ ነርሶች፣ መምህራን አሉ። ስጦታቸው ለመድረክ ብቻ አይደለም።

ይህን የምታነብ ልጅም ካለህ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልበልህ። ገና ማንም ሳይዝህ ዛሬ ማታ ለእናትህ መናገር ትችላለህ። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች። ግን ስለ አንተ ከምትጠረጥረው ጋር ብቻዋን ከምታድር ካንተ ጋር ብታለቅስ ይሻላታል። ምሳሌ 28፥13 ምሕረትን የሚያገኘው ጥፋቱን የሚሰውር ሳይሆን ተናዝዞ የሚተው እንደ ሆነ ያስተምረናል። ያ ቃል ለወላጅህም ለአንተም ነው።

አባት ሆይ፣ በዚህ ሰዓት በጥርጣሬና በፍርሃት መካከል ላሉ ወላጆች ጥበብን ስጥ። እውነትን የሚያዩበት ዓይን፣ እውነትንም ይዘው የሚቆሙበት ጉልበት ስጣቸው። ልጆቻችንን ከሚያጠምዷቸው እጅ አድን። እኛንም የወደቀውን የምናነሣ እንጂ የምንጠቋቆም ሕዝብ አታድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።